የአያቴን ብሮች በምን ላጽዳቸው?

ጠያቂዋ፣ ደብረ ብርሃን፦
ሰላም ለሁላችሁ። አያቴ ካረፉ በኋላ ሙዳያቸውን ስንከፍት አንድ ጠገራ ብር፣ አንድ የምኒልክ አላድ (ግማሽ ብር) እና ሁለት የመዳብ ቤሳ አገኘን። ጠገራው ጠቁሯል። አንዷ ቤሳ አረንጓዴ ዱቄት አውጥታለች። አላዱን ቸኩዬ በሎሚና በአመድ ፈተግኩት፤ መስታወት መሰለ። አጎቴ ሲያየው «ምን ነካሽ!» አለኝ። ምን አጠፋሁ? የቀሩትንስ?

ሳንቲም ሰብሳቢ፦
አጎትሽ ልክ ነው። ሎሚው አሲድ ነው፣ አመዱ ይፍቃል። መጀመሪያ የሚጠፋው የንጉሡ ጢምና የአንበሳው ጎፈር ነው። የተፈተገ ብር ዋጋው ይወርዳል። አላዱን ከእንግዲህ አትንኪው፣ ቀስ ብሎ ይጠቁራል። የጠገራው ጥቁረት ደግሞ ቆሻሻ አይደለም፤ ብሩ ከአየሩ ድኝ ጋር ሲገናኝ የሚሠራው ስስ ሽፋን ነው። ተይው። በነገራችን ላይ ጠገራው ላይ 1780 የሚለውን አይተሽ አትጓጊ። ምስሏ ያለበት የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ትሬዛ ከሞተች በኋላም ብሩ ዓመቱ ሳይቀየር ሲታተም ኖሯል።

የመንዝ ልጅ፦
እኔ በጥርስ ሳሙና ነው የማጥበው፤ ቦግ ይላል።

የኬሚስትሪ መምህር፣ ሸዋ ሮቢት፦
ወንድሜ፣ የጥርስ ሳሙናም ደቃቅ መፈተጊያ አለው፤ ይቅርብህ።
እህቴ፣ አፈር የያዘ ካለ የተጣራ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፊው፣ ውሃውን በየቀኑ ቀይሪ። ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ይሆናል፤ ግን አሲዱን እንዳይሰጡሽ አደራ! ስታደርቂ በለስላሳ ጨርቅ ጫን ጫን ነው እንጂ ማሸት የለም።
አሳሳቢዋ ቤሳዋ ናት። ጠንካራና ልሙጥ አረንጓዴ ችግር የለውም። ሲነኩት የሚራገፍ ፈዛዛ ዱቄት ከሆነ ግን ክሎራይድ (በጨው ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር) ከእርጥበት ጋር ሆኖ መዳቡን እየበላው ነው። ለይተሽ ደረቅ ቦታ አስቀምጪያት።

ሳንቲም ሰብሳቢ፦
የደብረ ብርሃን ክረምት ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ ግድግዳውም ያልባል። እያንዳንዱን በወረቀት ጠቅልለሽ ክዳኑ በሚገጥም ጠርሙስ ክተቺ። ከአዲስ ጫማ ካርቶን የምትወጣዋን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጨምሪበት። ለስላሳ የፒቪሲ ፕላስቲክ አይሆንም፣ ውሎ አድሮ ያጣብቃል። ስታነሺም ጠርዙን ይዘሽ።

ከተጉለት፦
እርሻ ሲታረስ የተገኘስ?

የኬሚስትሪ መምህር፦
እሱ ሌላ ነው። ሳታጥበው ለባህል ቢሮ አሳውቅ፤ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስ እንዲነገር ያዛል።

ጠያቂዋ፦
አመሰግናለሁ። ቤሳዋን ለየኋት፣ ዱቄቷ ይራገፋል። አላዱን ግን አጎቴ እስኪረሳው ደብቄዋለሁ።