ለገና ገበያ ካሸር ነኝ፤ ዘንድሮም ሒሳብ እንዳይጎድልብኝ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር አንድ ልብስ ቤት ካሸር ነኝ። አምና የገና ዋዜማ ማታ ሒሳብ ስንዘጋ 1,400 ብር ጎደለብኝ። ከደሞዜ ተቆረጠ። የት እንደገባ እስካሁን አላውቅም። ሰዉ ለልጆች ልብስ ይጋፋል፣ ዝርዝር አልቋል፣ ኔትወርኩ ሄድ መለስ ይላል። ምሳ እንኳ አልበላሁም ነበር። ታኅሣሥ 29 ሲቃረብ ከአሁኑ ጭንቅ ይዞኛል። በሥራው የቆያችሁ እንዴት ትወጡታላችሁ? ጉድለትን ከደሞዝ መቁረጥስ ይፈቀዳል?

ሱፐርማርኬት 6 ዓመት የሠራሁ፦
አይዞሽ እህቴ፣ እኔም ደርሶብኛል። ብዙ ጊዜ ጉድለት የሚመጣው ከመልስ ስህተት ነው። ደንበኛ ብር ሲሰጥሽ ቶሎ መሳቢያ ውስጥ አትክተቺው። ፊት ለፊት አስቀምጪውና ጮክ ብለሽ «ከ200 ነው» በይ። መልሱን ቆጥረሽ ከሰጠሽ በኋላ አስገቢው። «200 ነው የሰጠሁሽ»፣ «ኧረ 100 ነው» የሚለው ጭቅጭቅ መፍትሔ የሚያጣው ብሩ ከተቀላቀለ በኋላ ነው።

ጠዋት የተረከብሽውን ዝርዝር ቆጥራችሁ ተፈራረሙ። ስድስት ሰዓት ላይ ትልልቁን ብር ቆጥረሽ በወረቀት አስረክቢ። ያኔ ማታ ቢጎድል፣ ከጠዋቱ ነው ወይስ ከሰዓት በኋላ የሚለው ይለያል። ዝርዝር ደግሞ በዋዜማው አይፈለግም፤ ከሳምንት በፊት ጀምረሽ ሰብስቢ። ባጃጅ ነጂዎች ማታ ማታ ዝርዝር ይዘው ስለሚገቡ እኔ ከእነሱ ነበር የምቀይረው። ምሳሽንም ብዪ። የራበው ሰው ብር ሲቆጥር ይሳሳታል።

ሞባይል ዕቃ የምሸጥ፦
ቴሌብር ላይ ተጠንቀቂ። ደንበኛው ስልኩን ስላሳየሽ ዕቃ አትስጪ። በሱቁ ስልክ መልእክቱ ሲገባ ብቻ ልቀቂ። ኔትወርክ ከጠፋ ዕቃውን በስሙ አስቀምጪለት፤ የቸኮለም ቢሆን ይጠብቅ። በቴሌብር የተሸጠውን በሙሉ ለብቻ ደብተር ላይ ጻፊ። እኔ አንዴ በቴሌብር የተከፈለኝን በጥሬ ገንዘብ መዝግቤ ሌሊቱን ሙሉ የሌለ ብር ስፈልግ አድሬያለሁ።

ጠያቂ፦
ይህን ሳነብ ደነገጥኩ። አምና ቴሌብሩን ለብቻ አልጻፍኩም ነበር! ደግሞ ምሳ ሰዓት ላይ የባለቤቱ ዘመድ እኔ ቦታ ትቀመጣለች። መሳቢያው ያው አንድ ነው።

የሠራተኛ ጉዳይ የማውቅ፦
ስለ መቁረጡ ልመልስ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ እንዲሁ ተነስቶ ከደሞዝ መቁረጥ አይችልም። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት (የሠራተኛ ማኅበር ከአሠሪ ጋር የሚፈራረመው)፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም አንቺ በጽሑፍ የሰጠሽው ስምምነት መኖር አለበት። ቢኖርም በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደሞዝሽ ከሲሶ አይበልጥም። ስለዚህ ሳታነቢ አትፈርሚ። ትርፍ ሰዓትም አለ። መደበኛው በቀን 8 ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ስትሠሪ የሰዓት ክፍያሽ በ1.5 ይባዛል፤ የበዓል ቀን ከሆነ በ2.5። የገባሽበትንና የወጣሽበትን ሰዓት በየቀኑ ጻፊ።

ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ሱቅ ያለኝ፦
ልጄ፣ እኔ ባለሱቅ ነኝ፤ ብር ሲጎድል እኛንም ያመናል። ግን አንድ መሳቢያ ላይ ሁለት ሰው አስቀምጦ አንዷን ተጠያቂ ማድረግ ልክ አይደለም። ከገና በፊት፣ ገበያው ቀዝቀዝ ባለበት ጠዋት፣ ባለቤቱን በአክብሮት አነጋግሪው። «ምሳ ስወጣ ቆጥሬ ላስረክብ፣ ስመለስ ቆጥሬ ልረከብ» በይው። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። እምቢ ካለ፣ ቆልፈሽ ቁልፉን ይዘሽ ውጪ። ደግሞ ገና ሲያልፍ ያርፋል ብለሽ እንዳትዘናጊ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባል የለ? ከገና እስከ ጥር 11 ድረስ 12 ቀን ብቻ ነው። ልብስ ቤት ዋናው ግፊያ ያኔ ነው።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እርስዎም ሁላችሁም። ነገ ጠዋት ሱቅ ሳይከፈት አነጋግረዋለሁ። የቴሌብሩን ደብተር ዛሬ ገዝቻለሁ።