የእህቴ ሕመም፣ የአቃቂ ወንዝ እና የስድስት ወር ኪራይ

የገላን ልጅ (ሜሪላንድ)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ታላቅ እህቴ ከሦስት ወር በፊት ጡቷ ላይ እብጠት አግኝታ ተመረመረች፤ ካንሰር ነው ተባለ። ዕድሜዋ 43 ነው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ኬሞ (ካንሰሩን የሚገድለውን መድኃኒት) ጀምራ ሁለተኛውን ዙር ጨርሳለች። የምትኖረው ከአዲስ አበባ ወደ ገላን መውጫ፣ ከአቃቂ ወንዝ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ነው።

ያስጨነቀኝን ልንገራችሁ። ወንድማችን ባለፈው ሳምንት ደውሎ «በሽታው ከወንዙ ነው የመጣባት። በዚያ ውኃ የበቀለ ጎመንና ቆስጣ ስትበላ ኖራ ነው። ቤት ካልቀየርን አትድንም» አለኝ። ሲኤምሲ አካባቢ ቤት አይቷል፤ አከራዩ የስድስት ወር ቅድሚያ ይፈልጋል። አክስታችን ደግሞ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ከልክላታለች፤ «ስኳር ካንሰርን ይመግባል» ብላ ሻይዋን እንኳን ያለ ስኳር አድርጋባታለች። እኔ ደግሞ ከዚህ ቫይታሚን በብዛት እንድልክ ታዝዣለሁ። ያለኝ ገንዘብ ለሁሉም አይበቃም።

ማክሰኞ በቪዲዮ አየኋት። ምስር እየለቀመች ነበር። የጋብቻ ቀለበቷ ከጣቷ እንዳይወልቅ ውስጡን በነጭ ክር ጠምጥማዋለች። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ኪራዩን ልክፈል? ምግቡስ እውነት ነው?

ነርሷ (ሚኒያፖሊስ)

እግዚአብሔር ይማርልሽ እህቴ። በካንሰር ክፍል ስሠራ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ሕክምናውን የሚወስነው ሐኪሟ ነው፤ ስለ ምግቡና ስለ ገንዘቡ ግን የምለው አለኝ።

ቀለበቷን በክር የጠመጠመች ሴት እንቁላል ልትከለከል አይገባም። ኬሞ ላይ ላለ ሰው መክሳት አደገኛ ነው። ክብደቷ እየወረደ ከሄደ መድኃኒቱን መቋቋም ያቅታታል፤ ያኔ ወይ መጠኑ ይቀነሳል ወይ ቀጠሮው ይገፋል። የካንሰር ሕዋስ ስኳር በብዛት መጠቀሙ እውነት ነው፤ ነገር ግን አንጎልም ሌላው ሰውነትም ስኳር ይጠቀማል። ሻይዋን መራራ ስላደረጋችሁባት እብጠቱ አይራብም፤ የምትራበው እሷ ናት። ሽሮው፣ ምስሩ፣ የተቀቀለ እንቁላሉ፣ የፈላ ወተቱ፣ በደንብ የበሰለ ሥጋው ይቅረብላት። አንድ ሙሉ ትሪ ከሚያስጨንቃት በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ ትቅመስ።

መከልከል ካለባት ጥሬ ሥጋ፣ ለብ ለብ ክትፎ፣ ያልፈላ ወተትና ጥሬ ሰላጣ ነው። ኬሞ ነጭ የደም ሕዋስን ያወርዳል፤ መድኃኒቱን ከወሰደች ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ሰውነቷ ለኢንፌክሽን ይጋለጣል። ወንድምሽ ወንዙን መፍራቱ ስህተት አይደለም፤ ግን አሁን መፈራት ያለበት በቆሻሻ ውኃ የለማ ሰላጣ በጥሬው ሲበላ የሚያመጣው የአንጀት ተስቦ (ታይፎይድ) እና አሜባ ነው። ትኩሳት ከተሰማት፣ ቴርሞሜትሩ 38 ካሳየ፣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ትሂድ።

ቫይታሚኑን አትላኪ። ኬሞ የሚወስዱ 1,134 የጡት ካንሰር ታካሚዎችን የተከታተለ የአሜሪካ ጥናት በፈረንጆች 2020 ወጥቶ ነበር። ከኬሞው በፊትና በኬሞው ወቅት እንደ ቫይታሚን ሲ እና ኢ ያሉትን እንክብሎች የወሰዱት ላይ በሽታው የመመለስ ዝንባሌ ታየ። ቁርጥ ያለ ማስረጃ ባይሆንም ሐኪሙ ያላዘዘውን ላለመላክ ይበቃል።

ተአምረኛ ምግብ ለሚሉም አንድ ነገር ልጨምር። የጡት ካንሰር ታክመው የነበሩ 3,088 ሴቶች በሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ አትክልትና ፍራፍሬ እጅግ እንዲያበዙ ተደርጎ ለሰባት ዓመት ያህል ተከታትለዋቸዋል። በ2007 ውጤቱ ሲታይ በሽታው በመመለሱም ሆነ በሞቱ በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አልነበረም። አትክልት ጥሩ ነው፤ ሕክምናን ግን አይተካም።

ስለ ቤቱ፦ ለምን ሲኤምሲ? ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ጨረር ከታዘዘላት በሳምንት አምስት ቀን፣ ለሦስት ወይም ለአምስት ሳምንት መመላለስ ይኖርባታል። ቤት መቀየር ካለባት ወደ ሆስፒታሉ ይቅረብ።

ጋሼ (ቦስተን)

ልጄ፣ አይዞሽ። እኔ እዚህ አገር 34 ዓመት ኖሬአለሁ፤ አሠራሩን አውቀዋለሁ። ወደዚህ ላምጣት የሚል ሐሳብ ካለሽ ቀድመሽ አስቢበት። ለሕክምና የጎብኚ ቪዛ የሚጠይቅ ሰው እዚህ የሚቀበለው ሆስፒታል ደብዳቤ፣ የወጪው ግምትና ከፋዩ ማን እንደሆነ የሚያሳይ ማስረጃ ይጠየቃል። ግምቱን ስታዪ ትደነግጫለሽ። ኬሞ ጀምራ ሳለ ወረቀት ስትጠብቅ ሕክምናው መቋረጥ የለበትም።

እግረ መንገዴን በዚህ ላሉት ሴቶች ሁሉ የምለው አለኝ። ከ2024 ጀምሮ የዚህ አገር የምርመራ መመሪያ ከ40 ዓመት እስከ 74 ድረስ በየሁለት ዓመቱ ማሞግራም (የጡት ራጅ) ተነሡ ይላል። ኢንሹራንስ የለኝም አትበሉ፤ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነና ኢንሹራንስ ለሌላቸው ሴቶች በ1990 በወጣ ሕግ የተቋቋመ የነፃ ምርመራ ፕሮግራም በየክፍለ ግዛቱ አለ። በዚህ አገር ጥቁር ሴቶች በጡት ካንሰር የሚሞቱት ከነጮቹ 40 በመቶ ያህል በበለጠ ነው፤ በበሽታው የሚያዙት ግን ከእነሱ በልጠው አይደለም። ዘግይቶ መታየትና ሕክምናን ማቋረጥ ከምክንያቶቹ ውስጥ ናቸው። አገራችንም ቢሆን አብዛኞቹ የሚመጡት በሽታው ሦስተኛና አራተኛ ደረጃ ከደረሰ በኋላ ነው።

የአቃቂ ልጅ (ቶሮንቶ)

ይህን ሳነብ ቆይቼ ዝም ማለት አቃተኝ። አባቴ በዚያ ወንዝ ዳር ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ያለማ ነበር። አትክልት ተራ ገና ፒያሳ ሳለ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ አህያ ጭነን እንወጣ ነበር፤ የጎመኑ ጤዛ አንገቴ ላይ ሲንጠባጠብ እስከ አሁን ይሰማኛል። ሰባት ልጆች ያደግነው በዚያ ጎመን ነው። ሰው «የአቃቂ አትክልት መርዝ ነው» ሲል አባቴን መርዘኛ ያለው ይመስለኛል። ወንዙን ያበላሸው ገበሬው አይደለም። የቆዳ ፋብሪካው፣ የቀለሙ ፍሳሽ፣ የመላ ከተማው ሽንት ቤት ከላይ ይለቀቅበታል፤ ገበሬው ከታች ያገኘውን ውኃ ነው የሚጠቀመው። ሌላ ውኃ ማን ሰጠው?

እናቴ ግን በጡት ነቀርሳ ነው የሞተችው። ቁስሉን ነጠላዋን ደርባ ከሁላችንም ደብቃው ኖረች። ያወቅነው ሽታው ሲመጣ ነው። ሃያ ዓመት ሆነ፤ ወንዙ ይሆን እንዴ እያልሁ እጠይቃለሁ። ነርሷ፣ እባክሽ የምታውቂውን ንገሪኝ።

ሌሊት ፈረቃ (ሲያትል)

ወንድሜ፣ አስለቀስኸኝ። የእኔም እናት እንዲሁ ደብቃ ነበር።

ነርሷ ስለ እኛም ብትነግረን። ዘጠኝ ዓመት በሌሊት ፈረቃ በአረጋውያን መጦሪያ ሠርቻለሁ። በየወሩ 300 ዶላር እልካለሁ፤ ሲታመሙ ደግሞ ሌላ። 46 ዓመቴ ነው፤ ማሞግራም አንድም ቀን ተነሥቼ አላውቅም፤ ቀን ስተኛ ቀጠሮው ያልፈኛል። ለቤተሰብ መድኃኒት ስንልክ እኛን ማን ይጠይቀናል?

ነርሷ (ሚኒያፖሊስ)

ወንድሜ፣ የእናትህን ነፍስ ይማር። በአቃቂ ውኃ በሚለሙ አትክልቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ክሮሚየምና ካድሚየም የመሳሰሉ ብረቶች አግኝተዋል፤ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ የበለጠ ይስባሉ። ማጠብ አፈሩንና ጀርሙን ያነሣል፤ ቅጠሉ ውስጥ የገባውን ብረት ግን አያወጣም። ወንዙ መጽዳት አለበት። ነገር ግን የአንዲት ሴትን ካንሰር ነጥሎ «ይህ አመጣው» ማለት የሚችል ሐኪም የለም። እናትህን ጎመናችሁ ገደላት ብለህ ራስህን አታሰቃይ።

አካባቢ የሚያደርሰው ጉዳት የሚታየው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ፣ በ1960ዎቹ ገደማ ከሴቶች የተወሰደ ደም ተቀምጦ ኖሮ በኋላ ተመረመረ። ዲዲቲ የሚባለው የነፍሳት መግደያ በስፋት መረጨት ሲጀምር ከ14 ዓመት በታች የነበሩት፣ በደማቸውም ብዙ ዲዲቲ የተገኘባቸው፣ 50 ዓመት ሳይሞላቸው በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው አምስት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። በዚያን ጊዜ አዋቂ የነበሩት ላይ ግን እንዲህ ያለ ነገር አልታየም። ጡት ገና እያደገ ያለበት ዕድሜ ነው የሚጎዳው። ስለዚህ የገላን ልጅ፣ የወንዙ ጥያቄ ከእህትሽ ይልቅ ልጅ ካላት የልጇ ጥያቄ ነው።

የሲያትሏ እህቴ፣ የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅት የሌሊት ፈረቃን በ2007 «ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም» ከሚባሉት ተርታ አስገብቶታል፤ በ2019ም አጽንቶታል። ሥራ ተዪ አልልሽም፤ ኪራይ የሚከፍለው ሥራ ነው። ግን ጠዋት ከፈረቃ ስትወጪ፣ ሳትተኚ፣ ማሞግራሙን ተነሥተሽ ግቢ። ከሁሉም በላይ በእጃችን ያለው አልኮል ነው፤ በቀን አሥር ግራም፣ ማለትም ከአንድ ጠርሙስ ቢራ ያነሰ፣ አደጋውን 7 በመቶ ያህል ይጨምራል። ወር አበባ ከቆመ በኋላ የሚመጣ ውፍረትም ያባብሳል፤ ስብ ራሱ ኢስትሮጅን የሚባለውን የሴት ሆርሞን ይሠራልና። ጡት ማጥባት ደግሞ ይከላከላል፤ በ30 አገሮች 47 ጥናቶች ተደምረው በ2002 ሲታዩ እያንዳንዱ የማጥባት ዓመት አደጋውን 4.3 በመቶ ቀንሷል። እናቶቻችን ሁለት ዓመት ያጠቡ ነበር። እኛ ስድስት ሳምንት ሳይሞላን ወደ ሥራ እንመለሳለን።

ተስፋ (ለንደን)

ሁላችሁም ልባችሁ ደግ ነው፤ ግን ማንም ያላለውን ልበል። ይህ ወንድም ሲኤምሲን ከየት አመጣው? ለበሽተኛ ነው ወይስ ለራሱ? የእኔም ዘመዶች በአባቴ ኩላሊት ስም ሁለት ዓመት አስልከውኛል፤ አባቴ የደረሰው ግማሹ ብቻ ነበር። ደረሰኝ ጠይቂ።

የአቃቂ ልጅ (ቶሮንቶ)

ተስፋ፣ የአንተ ቁስል የእሷ ወንድም ላይ አይለጠፍ። እህቱን ይዞ ሆስፒታል ደጅ ከንጋት ጀምሮ ተራ የሚይዘው እሱ ነው። አንተና እኔ ገንዘብ ልከን እንተኛለን። «ወንዙ ነው» ማለቱ ለሐዘኑ ምክንያት መፈለጉ ነው፤ እኔ ሃያ ዓመት ፈልጌአለሁ።

ተስፋ (ለንደን)

ሐዘን ቅድሚያ ክፍያ አይጠይቅም።

ሌሊት ፈረቃ (ሲያትል)

እንዲህ አትነጋገሩ እባካችሁ። እዚያ ያለው ሰው እኛን ባንክ አድርጎ ያየናል፤ እኛም እነሱን ሌባ አድርገን እናያለን። የታመመችው ደግሞ መሐል ቀረች።

ጋሼ (ቦስተን)

ተስፋ ደረሰኝ ማለቱ በራሱ ነውር አይደለም። የኬሞው መድኃኒት ሆስፒታሉ ውስጥ ሲጠፋ ከውጭ ይገዛል፤ ያን ጊዜ ማን ከየት እንደገዛው ማወቅ ለበሽተኛዋም ደኅንነት ነው። ግን ልጄ፣ ለወንድምሽ ስትናገሪ በትኅትና ይሁን።

የገላን ልጅ (ሜሪላንድ)

ሁላችሁንም አነበብኋችሁ። ተስፋ፣ ቃልህ ጎድቶኛል፤ ሌሊቱን ሙሉ ግን ደጋግሜ አሰብሁት። ወንድሜን ሳልወቅስ «ከሲኤምሲ ይልቅ ጥቁር አንበሳ አጠገብ ቢሆንስ?» አልሁት። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «አከራዩ እስከ ሰኞ ነው የሚጠብቀኝ» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ስለ ኪራዩ እስከ አሁን አልወሰንሁም።

አክስቴን ግን አሳመንኋት፤ ነርሷ የጻፈችውን በድምፅ አነበብሁላት። እህቴ ትናንት ሁለት እንቁላል በላች።

ልጅ አላት፤ 12 ዓመቷ ነው። ዛሬ በቪዲዮ ከኋላ ቆስጣ ስታጥብ አየኋት፤ በሳፋው ውስጥ ውኃው ቡናማ ነበር። እናቷ «ደጋግመሽ እጠቢው፤ አብስዪው እንጂ ጥሬውን እንዳትቀምሺ» ትላታለች። እኔም ነርሷ ያለችው ጭንቅላቴ ውስጥ እየዞረ ዝም አልሁ።

ሦስተኛው ዙር ሐሙስ ነው። ተክለ ሃይማኖት ወይም ልደታ አካባቢ በደረጃ የማትወጣበት፣ ምድር ላይ ያለች አንድ ክፍል የሚያከራይ የምታውቁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።