ከሞኖፖሊ ሌላ፣ የምር የሚገነባበት የቦርድ ጌም አለ?

ጥያቄ፦ «አጎት ነኝ»

ሰላም ለሁላችሁ። የእህቴ ልጅ 11 ዓመቷ ነው። ደብተሯን ከኋላ ብትገልጡት የቤት ፕላን ብቻ ነው። ሳሎኑን፣ ኮሪደሩን፣ ደረጃውን ሁሉ በማስመሪያ ትሠራለች። ባለፈው ሞኖፖሊ አብረን ተጫወትን። አራት ቤት ገዝታ ደረደረችና «በሩ በየት በኩል ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት? ፕላስቲክ ነው፣ በር የለውም። ከዚያ ወዲያ ጨዋታው አስጠላት። «ይሄ እኮ ኪራይ መሰብሰብ ነው» አለች። እውነቷን ነው።

ስሙ ብቻ ሳይሆን ጨዋታው ራሱ መገንባት የሆነ ቦርድ ጌም የምታውቁ ጠቁሙኝ። የምንጫወተው አራት ነን፦ እሷ፣ እኔ፣ እናቷና የ7 ዓመት ወንድሟ። ከአንድ ሰዓት ባይበልጥ ጥሩ ነው። ጽሑፍ ባይበዛበትም ይመረጣል። ትንሹ ገና ማንበብ እየለመደ ነው።

«ጡብ በጡብ»

ካርካሶን። ብዙ አትጨነቅ። በደቡብ ፈረንሳይ ባለችው በግንብ በታጠረች ከተማ ስም የተሰየመ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ወጥቶ በዓመቱ የጀርመኖቹን የዓመቱ ጨዋታ ሽልማት (ሽፒል ዴስ ያሬስ የሚሉትን) ወሰደ። 72 ካሬ ታይሎች አሉት። በተራህ አንድ ታይል ታነሳና ከተቀመጡት ጋር ታጋጥማለህ። መንገድ ከመንገድ፣ ግንብ ከግንብ መግጠም አለበት። ከፈለግክ ትንሽ የእንጨት ሰው ታቆምበታለህ። የከተማው ግንብ ዙሪያውን ሲዘጋ በእያንዳንዱ ታይል 2 ነጥብ ታገኛለህ። የሚነበብ ነገር የለውም።

አንድ ምክር፦ ትንሹ እስኪለምድ ድረስ ገበሬዎቹን፣ ማለትም ሜዳ ላይ የሚተኙትን የእንጨት ሰዎች፣ ተዋቸው። ሕጉን የሚያወሳስቡት እነሱ ናቸው። እኛ ቤት ለሁለት ወር ያህል ገበሬ ሳይኖር ነው የተጫወትነው፣ ማንም አልናፈቀውም።

«ቢጫ ቆብ»

ካርካሶንን እወደዋለሁ፣ ግን ልጅቷ የጠየቀችው ስለ በሩ ነው። ካርካሶን ከሰማይ የሚታይ ካርታ ነው። አገር ይሠራል እንጂ ቤት አይሠራም።

እኔ የምውለው ሳይት ላይ ነው። ማታ ደግሞ እነዚህን ጨዋታዎች እጫወታለሁ (ሚስቴ «ቀን አልበቃህም ወይ?» ትላለች)። «የግንባታ ጨዋታ» የሚባሉት ብዙዎቹ ሥራቸው ሌላ ነው። ገንዘብ ከፍለህ «ሕንፃ» የሚል ካርድ ታነሳለህ፣ ነጥብ ትቆጥራለህ፣ አለቀ። ካርዱ ላይ ቤት ቢኖርም ላም ቢኖርም ለውጥ የለውም። መለኪያዬ አንድ ነው፦ አጠገቡ ያለው ነገር ቢቀየር የእኔ ሕንፃ ይቀየራል ወይ?

በዚህ መለኪያ ሁለት እነግርሃለሁ። አንደኛው ቶሬስ ነው። የ1999 ጨዋታ ነው፣ በማግስቱ ዓመት ያንኑ የጀርመን ሽልማት አግኝቷል። የፕላስቲክ ፎቆችን እየደራረብክ ቤተ መንግሥት ትሠራለህ፣ ፈረሰኛህን ላዩ ላይ ታወጣለህ። ነጥቡ የመሠረቱ ስፋት ሲባዛ ፈረሰኛው በቆመበት ፎቅ ነው። መሠረቱ 4 ካሬ ሆኖ ፈረሰኛህ 3ኛ ፎቅ ላይ ካለ 12 ነጥብ። ደስ የሚለው ግን ሌላው ሕግ ነው፦ የፎቁ ብዛት ከመሠረቱ ካሬ ብዛት መብለጥ አይችልም። ከፍ ማለት ከፈለግክ መጀመሪያ ታች ማስፋት አለብህ። ይህን ለአንዳንድ አሠሪ ማስረዳት ስንት ጊዜ እንደፈጀብኝ ባወራ አያልቅም። ግን ለ7 ዓመት ልጅ ከበድ ይላል።

ሁለተኛው ላ ቦካ ነው። ለእናንተ ዋናው ይሄ ነው ባይ ነኝ። ሁለት ሰው ትይዩ ይቀመጣል። መሀላቸው ባለ ቀለም ብሎኮች አሉ። ሁለቱም ካርድ አላቸው። ካርዱ ሕንፃው ከእነሱ በኩል እንዴት መታየት እንዳለበት ያሳያል። አንዱ የሌላውን ካርድ አያይም። ሰዓት እየሮጠ አንድ ሕንፃ አብረው ይሠራሉ፣ ከሁለቱም በኩል ትክክል ሆኖ መገኘት አለበት። ቶሎ ካለቀ ነጥቡ ይጨምራል። አንተ ቀዩን ስትገፋ ከወዲያ በኩል «ኧረ ሸፈንክብኝ!» ትባላለህ። እኛ ኤሌቬሽን (ሕንፃው ከአንድ ጎን ፊት ለፊት ሲታይ ያለው ሥዕል) የምንለው ማለት ይሄው ነው። ፕላን የምትሠራ ልጅ ቀጥሎ መማር ያለባትም እሱን ነው።

«ማታ ተጫዋች»

ቢጫ ቆብ ልክ ነው፣ ግን ልጅቷ የምትወደው ክፍል ማቀናጀት ይመስለኛል። እንዲያ ከሆነ ድሪም ሆም ይሻላታል። ከ2 እስከ 4 ሰው ይጫወተዋል፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። እያንዳንዱ ሰው 12 ክፍል የሚይዝ ባዶ ቤት ይሰጠዋል፣ ምድር ቤትም አለው። በ12 ዙር ክፍሎቹን አንድ በአንድ ትሞላለህ። ክፍሎቹ በሥዕል ናቸው፣ ትንሹም ይችለዋል። ተመሳሳይ ክፍሎች ጎን ለጎን ሲሆኑ አንድ ትልቅ ክፍል ይሆናሉ። መጨረሻ ላይ ደግሞ መታጠቢያ ቤት በየፎቁ አለ ወይ ተብሎ ነጥብ ይሰጣል። እኔ ሁሌም የምረሳው እሱን ነው። ባለ ሁለት ሳሎን ቤት ሠርቼ መታጠቢያ ቤት አጥቼ አውቃለሁ።

ልጅቷ ትንሽ ካደገች በኋላ የእብዱ ንጉሥ ሉድቪግ ቤተ መንግሥቶች የሚባለው አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ። ሉድቪግ ኖይሽቫንስታይን የሚባለውን የጀርመን ቤተ መንግሥት ያሠራው የባቫርያው ንጉሥ ነው። ይሄኛው የበሩን ጥያቄ በደንብ ይመልሳል! እያንዳንዱ ክፍል ቅርጹ የተለያየ ነው፣ በሮቹም ተስለውበታል። በር ከበር ካልገጠመ መግባት የለም። በሮቹ በሙሉ ሲያያዙ ክፍሉ «ተጠናቀቀ» ተብሎ ጉርሻ ይሰጥሃል። ወጥ ቤት ከሆነ ለምሳሌ አንድ ተጨማሪ ተራ ታገኛለህ። አንዳንድ የመዝናኛ ክፍሎች ደግሞ የማይስማማቸው ጎረቤት ካላቸው ነጥብ ያስቀንሳሉ። ዋጋ የሚተምነው በየተራ የሚቀያየረው ዋና ግንበኛ ነው፣ ሌሎቹም የሚከፍሉት ለእሱ ነው። እዚያ ጋ ነው ጭቅጭቁ። አሁን ግን አይመከርም፣ ከአንድ ሰዓት ያልፋል።

«ዳይስ ወርዋሪ»

አዙልን ማንም አልጠራም? ሳግራዳንስ? ሳግራዳ ላይ በ90 ባለ ቀለም ዳይስ የካቴድራል መስታወት ትሠራለህ። መስኮትህ 20 ቦታ አለው። ጎን ለጎን ተመሳሳይ ቀለም ወይም ተመሳሳይ ቁጥር አይቀመጥም። አዙል ደግሞ የ2018 የጀርመን ሽልማት አሸናፊ ነው። የፖርቱጋል ቤተ መንግሥት ግድግዳ በታይል ትለብጣለህ፣ አብዝተህ ወስደህ ቦታ ያጣኸው ታይል ወድቆ ነጥብ ያስቀንስብሃል። ሁለቱም ውብ ናቸው።

«ቢጫ ቆብ»

ውብ ናቸው፣ አልካድኩም። ግን ፊኒሺንግ ነው እሱ። ሕንፃው በማን ቆመ?

«ዳይስ ወርዋሪ»

😄 እሺ፣ ብሉፕሪንትስን ልጥራልህ። 6 ዳይስ ደርድረህ ትንሽ ሕንፃ ታቆማለህ፣ ቀለሙ የዕቃውን ዓይነት ይነግርሃል። መስታወት በላዩ ያለውን ቁጥር ያህል ነጥብ ይሰጣል። እንጨት በነካው በእያንዳንዱ ዳይስ 2 ነጥብ፣ ድንጋይ ከፍ ባለ ቁጥር ነጥቡ ይጨምራል። ከላይ የምትጭነው ቁጥሩ ከታችኛው ማነስ የለበትም። በቃህ?

«ቢጫ ቆብ»

በቃኝ። ይሄኛው ገብቷል።

«ማንጠልጠያ»

ለ7 ዓመቱ ልጅም አስቡለት እንጂ። ራይኖ ሂሮ ግዙለት። የታጠፈ ካርድ ግድግዳ ይሆናል፣ ጠፍጣፋው ጣሪያ። ቀጣዩን ግድግዳ የት እንደምታቆም ጣሪያው ላይ ምልክት አለ። አንዳንዴ ትንሹን የእንጨት አውራሪስ አንስተህ ላይኛው ፎቅ ማድረስ አለብህ፣ ያኔ ነው እጅ የሚንቀጠቀጠው። ያፈረሰ ተሸነፈ። ጄንጋም ያው ነው፦ 54 እንጨት፣ ሦስት ሦስት ሆኖ 18 ፎቅ። ስሙ ከስዋሂሊው «ኩጄንጋ» የመጣ ነው፣ መገንባት ማለት ነው። የሚገርመው ግን ጨዋታው በሙሉ ማፍረስ መሆኑ ነው።

«አጎት ነኝ»

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ! ግራ ያጋባኝ ምርጫው መብዛቱ ነው። ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ቤት ባለ ነገር የሚሞከር የለም?

«ዝምተኛው»

ሳንቶሪኒ። የሠራው ጎርደን ሃሚልተን የሒሳብ ሰው ነው፣ ሕጉ በአምስት ደቂቃ ያልቃል።

ካርቶን ላይ 5 በ5 ካሬ አስምር። ለእያንዳንዱ ወገን ሁለት ቁልፍ (የሸሚዝ ቁልፍ) ስጥ፣ ግንበኞቹ እነሱ ናቸው። በተራህ አንዱን ግንበኛህን ወደ አጠገቡ ካሬ ታንቀሳቅሳለህ፣ በሰያፍም ይሆናል። ከዚያ ያው ግንበኛ አጠገቡ አንድ ፎቅ ይሠራል። መውጣት የሚቻለው በአንድ ጊዜ አንድ ፎቅ ብቻ ነው፣ መውረድ የፈለግከውን ያህል ነው። 3ኛ ፎቅ ላይ የወጣ አሸነፈ። ባለ ሦስት ፎቁ ላይ ጉልላት ከተደፋበት ግን ማንም አይወጣም። መንቀሳቀስ ወይም መሥራት ያቃተው ይሸነፋል።

ፎቁን ከካርቶን ቁረጥ፣ ወደ ላይ እያነሰ ይሂድ። በዋናው ጨዋታ 22 አንደኛ ፎቅ፣ 18 ሁለተኛ፣ 14 ሦስተኛና 18 ጉልላት አለ። ለጉልላት የውሃ ጠርሙስ ክዳን ይበቃል። ካርቶኑ ቀጭን ከሆነ ሁለት ሁለቱን አጣብቅ፣ አለበለዚያ ፎቁ ስንተኛ እንደሆነ አይለይም። ለአራት ሰው ሁለት ሁለት ተቧደኑ፣ ቡድኑ ሁለቱን ቁልፎች በጋራ በየተራ ያንቀሳቅሳል።

«የድሮ ሰው»

ሞኖፖሊን ግን እንዲህ አትናቁት። ባንኩ ያለው 32 ቤትና 12 ሆቴል ብቻ ነው። በየቦታህ አራት አራት ቤት ሠርተህ ወደ ሆቴል ሳታሳድግ ከተቀመጥክ ሌላው የሚሠራበት ቤት ያጣል።

«ማታ ተጫዋች»

በሩስ በየት በኩል ነው?

«አጎት ነኝ»

ሳንቶሪኒውን ሠራን። ፎቅ ስቆርጥ አመሸሁ፣ ጣቴ ላይ የመቀስ ምልክት አለ። አጭሩን ልንገራችሁ፦ የመጀመሪያውን ትንሹ አሸነፈ። እሷ ሕንፃው ወጥ እንዲሆንላት ሦስተኛውን ፎቅ አስተካክላ አስቀመጠች። እሱ አጠገቡ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቆሞ ነበር። አንድ እርምጃ ወጣ፣ አለቀ። «በሰው ቤት ነው እንዴ የሚያሸንፈው?» ብላ አኮረፈች። ሁለተኛውንም ተሸነፈች። በሦስተኛው ግን ወንድሟ ሊወጣ ሲል ክዳኑን ጠብ አደረገችበት። አሁን ክዳኖቹን ቀለም እየቀባቻቸው ነው።

ድሪም ሆምን ለመግዛት ወስኛለሁ። ላ ቦካም ልቤን ወስዶታል፣ ግን ሁለቱን በአንድ ጊዜ አልችልም።

«ቢጫ ቆብ»

ላ ቦካን እስክትገዛ በሌጎ ሞክሩት። ወረቀት ላይ 4 በ4 ካሬ አስምር። ከእሷ ጋር ትይዩ ተቀመጡ። መጀመሪያ ሌላ ሰው፣ ለምሳሌ እናቷ፣ ሁለታችሁም ሳታዩ አንድ ትንሽ ሕንፃ ትሥራና ከፊትና ከኋላ ፎቶ ታንሳው። ከዚያ ታፍርሰው። አንተ የፊቱን ፎቶ ብቻ ታያለህ፣ እሷ የኋላውን። በእንዲህ ዓይነት መንገድ የማይሠራ ጥያቄ አይወጣም። እኔ መጀመሪያ ዝም ብዬ ከራሴ ሥዬ ሰጥቻቸው ሁለቱ ሥዕሎች በአንድ ሕንፃ ላይ የማይገናኙ ሆነው ልጆቼ ግማሽ ሰዓት ታግለውበታል።

ፎቶውን በዓይን ትክክል፣ ከሕንፃው ቁመት ሳትወጣ ታንሳው። ከላይ ከተነሳ ከኋላ የተደበቀውም ይታያል፣ ጨዋታው ይበላሻል።