ማጂስትሬት ዳኛ ምን ዓይነት ዳኛ ነው?

የኮምቦልቻዋ
ሰላም ወገኖቼ። ወንድሜ አሜሪካ ምግብ ቤት ሲሠራ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ከለከሉት፤ ፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰ። ትናንት የደረሰውን ወረቀት ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ጉዳዩን ማጂስትሬት ዳኛ እንዲያየው ትስማማለህ ይላል፣ ከሥሩ የፊርማ ቦታ አለ። እናታችን «ትንሽ ዳኛ ሰጡት» ብላ ቡናውንም ሳታፈላ ዋለች። ይፈርም?

ጠበቃው ከደሴ
አብሽሪ እህቴ። የዚያው ፍርድ ቤት ዳኛ ነው። ዋናዎቹን ፕሬዚዳንቱ ዕድሜ ልክ ይሾማል፤ እሱን የሚሾሙት ዳኞቹ ራሳቸው ናቸው፣ ለ8 ዓመት። ሥራው የሚበዛው ከሙግቱ በፊት ነው። ቀጠሮ ያወጣል። አሠሪው የሰዓት መዝገቡን አልሰጥም ቢል አምጣ ብሎ ያዛል። ለዚህ የማንም ፊርማ አያስፈልግም። ፊርማው ሙግቱን ሰምቶ ፍርድ እንዲሰጥ ነው። ሁለቱም ወገን ካልተስማሙ አይሆንም። እምቢ ቢልም ምንም አይደርስበትም። ወንድምሽ ሳይፈርም ማጂስትሬት ዳኛው በሰጠው ትእዛዝ ቅር ካለው ግን በ14 ቀን ውስጥ ለዋናው ዳኛ መቃወሚያ ያስገባ። ይህን ቀን እንዳያሳልፍ!

ወረኢሉ፣ አሁን ሜሪላንድ
እኔን ያስታረቀኝ ማጂስትሬት ዳኛ ነው። እኛን አንድ ክፍል፣ እነሱን ሌላ ክፍል አስቀምጦ እየተመላለሰ አነጋገረን። የአገሬ አስታራቂ ሽማግሌ፣ አበጋሩ፣ ትዝ አለኝ፣ ወላሂ። እኔ ብሆን ጠበቃዬን ሳልጠይቅ አልፈርምም።

የኮምቦልቻዋ
አላህ ይስጥልኝ። የገባበትን ሰዓት የጻፈበት ደብተር አለው፣ በላስቲክ ጠቅልሎ አልጋ ሥር ነው ያስቀመጠው። ይጠቅማል?

ጠበቃው ከደሴ
በጣም እንጂ! ዛሬውኑ ገጽ በገጽ ፎቶ ያንሳው።