ሊሚቱ ለምን −1/4 ይሆናል? እባካችሁ ቶሎ፣ ሰኞ ፈተና ነው

ጣና_ዳር፦
ሰላም ናችሁ ቤተሰብ። ቶሎ የሚመልስልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ጥያቄው ይሄ ነው፦ [1/(ኤክስ+2) − 1/2] ÷ ኤክስ፣ ኤክስ ወደ 0 ሲጠጋ ሊሚቱ ስንት ነው? ወረቀቱ ላይ መልሱ −1/4 ይላል። እኔ ደጋግሜ ስሠራው ከላይ 4፣ ከታች 0 እየመጣ ኢንፊኒቲ ይሆንብኛል። ወረቀቱ የተሳሳተ ይመስለኛል። ሊሚት የሚባለው ነገር ጨርሶ አልገባኝም። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለውን ሒሳብ ባጭሩ የያዘ ኖት ያለው ካለ ይላክልኝ፣ መብራት ሳይጠፋ ላውርደው።

ፖሊ_ሦስተኛ_ዓመት፦
ሎፒታል የሚባለውን ደንብ ተጠቀም፣ 0/0 ሲመጣ የሚሠራ ነው፣ በአንድ መስመር ያልቃል። የላዩንም የታችኛውንም ዴሪቬቲቭ (የለውጥ መጠን) ውሰድ። ከላይ −1/(ኤክስ+2)² ይሆናል፣ ከታች 1። ኤክስን 0 ስታደርገው −1/4። ወረቀቱ ልክ ነው።

ዘጌ_ቡና፦
"መብራት ሳይጠፋ" ስትል ቀበሌ 14 መሆንህን አወቅኩ። እኛም ሰፈር አሁን ገና ነው የመጣው፣ ፍጠን 😂

የቀድሞ_መምህር፦
ልጄ፣ የአራት ዓመት ትምህርት በአጭር ኖት አይተካም። አሁን ባለው ሥርዓተ ትምህርት 9ኛ ክፍል ላይ የቁጥር ሥርዓትና እኩልታ አለ፤ 10ኛ ላይ ፖሊኖሚያልና ሎጋሪዝም ይመጣል፤ 11ኛ ላይ ራሽናል ኤክስፕሬሽን፣ 12ኛ ላይ ካልኩለስ። ይህ ተራ ዝም ብሎ የተደረደረ አይደለም። ካልኩለስ ላይ አልገባኝም የሚለኝን ተማሪ ደብተሩን ገልጬ ሳይ፣ ብዙውን ጊዜ የጎደለው የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ነገር ነው። ክፍልፋይ መደመር፣ ቅንፍ መፍታት፣ የመቀነስ ምልክት። ይህን ሳያጠሩ ዩኒቨርሲቲ መግባት መከራ ነው፤ መምህሩ አንድ ጥያቄ ሲሠራ እነዚህን እርምጃዎች በቃሉ ዘሎ ነው የሚያልፋቸው፣ ተማሪው እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ረጋ ብለህ ከሥር ጀምር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ዘጌ_ቡና፦
ጋሼ ልክ ነዎት፣ ግን ፈተናው ሰኞ ነው። እንቁላሉ እግር እስኪያወጣ አይደርስም።

ጣና_ዳር፦
አመሰግናለሁ ጋሼ፣ የሚሉት እውነት ነው። ሴት ነኝ በነገራችን ላይ። ፖሊ ወንድሜ፣ ሎፒታል አልተማርንም። ዴሪቬቲቭም ገና አልደረስንበትም።

ፔዳ_ሰፈር፦
ሪሚዲያል ነሽ ወይስ ፍሬሽማን? ናቹራል ነሽ ሶሻል? ይሄን ሳትነግሪን ምን ኖት እንላክልሽ?

ጣና_ዳር፦
ሪሚዲያል፣ ናቹራል። የጻፍኩት መስሎኝ ነበር።

ሽምብጥ_ልጅ፦
ኖቱ ይቆይ። እስኪ አሠራርሽን መስመር በመስመር ለጥፊው።

ጣና_ዳር፦
እሺ።
የጋራ ታህት፦ 2(ኤክስ+2)
ላዕሉ፦ 2 − ኤክስ + 2
ሲደመር፦ 4 − ኤክስ
ለኤክስ ሲካፈል፦ (4 − ኤክስ) ÷ 2ኤክስ(ኤክስ+2)
0 ሳስገባ፦ 4/0

ብልጭ_ድርግም፦
ሎፒታል ተጠቀሚ፣ ቀላል ነው።

ሽምብጥ_ልጅ፦
እህቴ፣ "ሊሚት አልገባኝም" ያልሽው ልክ አይደለም። የጋራ ታህቱን በትክክል አግኝተሻል፣ 0ን ማስገባት ያለብሽ መጨረሻ ላይ መሆኑንም አውቀሻል። የሊሚቱ ሥራ ይሄው ነው። የተበላሸው ሁለተኛው መስመር ነው።

የሚቀነሰው ኤክስ ብቻ ሳይሆን ሙሉው (ኤክስ+2) ነው። ቅንፉን አትጣይው፦ 2 − (ኤክስ+2)። ሲፈታ 2 − ኤክስ − 2፣ ማለትም −ኤክስ ብቻ። ሁለቱ 2ዎች ተጣፉ። አሁን −ኤክስ ÷ 2ኤክስ(ኤክስ+2) አለሽ። ኤክስ ከላይም ከታችም ተባዢ ስለሆነ ይሰረዛል፣ −1/[2(ኤክስ+2)] ይቀራል። 0 ስታስገቢ −1/4።

ስህተቱን ራስሽ የምትይዢበትን መንገድ ልንገርሽ፤ ፈተና ላይ ካልኩሌተር ባይኖርም ይሠራል። በኤክስ ቦታ ቀላል ቁጥር አስገቢ፣ ለምሳሌ 1። መነሻው 1/3 − 1/2 ነው፣ −1/6 ይመጣል። አንቺ የደረስሽበት (4 − ኤክስ) ÷ 2(ኤክስ+2) ግን 3/6፣ ማለትም ግማሽ ይሰጣል። አንዱ ከዜሮ በታች፣ ሌላው ከዜሮ በላይ። ስለዚህ በመሃል የሆነ መስመር ተሰብሯል ማለት ነው። ከዚያ ወደ ላይ እየተመለስሽ መስመር በመስመር 1ን አስገቢና የት ላይ መልሱ እንደተለወጠ እዪ። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ፖሊ_ሦስተኛ_ዓመት፦
ጥሩ አድርገህ አስረድተሃል። ግን ሎፒታልም ያው −1/4 ነው የሚሰጠው፣ ለምን ይከለከላል?

የቀድሞ_መምህር፦
አልተከለከለም። ግን ይህ ጥያቄ ራሱ ምን እንደሆነ ተመልከት። የ1/ኤክስ ዴሪቬቲቭ በ2 ላይ ሲፈለግ በትርጉሙ መሠረት የሚጻፈው ልክ ይህ ሊሚት ነው። ዴሪቬቲቩን ገና ያላወቀ ተማሪ በዴሪቬቲቭ ፍታው ሲባል ዞሮ ዞሮ መነሻው ላይ ነው የሚመለሰው። ልጄ፣ ይህን ጥያቄ በደንብ ያዢው፤ ዴሪቬቲቭ ስትጀምሩ 2 በሌላ ቁጥር ተተክቶ ተመልሶ ይመጣል። የሽምብጡ ልጅ ያለውን ቁጥር የማስገባት ነገር ደግሞ ከ1 ወደ ታች ቀጥይበት። ኤክስ 0.1 ሲሆን ሙሉው −0.238 አካባቢ ነው፤ 0.01 ሲሆን −0.249 አካባቢ። ወደ −0.25 ሲጠጋ በዓይንሽ ታዪዋለሽ። ሊሚት ማለት ይሄው ነው።

ጣና_ዳር፦
ኧረ!! ቅንፉ ነው ለካ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ሌላ ልጠይቅ፣ √(ኤክስ²+9) ኤክስ+3 ነው አይደል? እዚያው ወረቀት ላይ በሱ ሠርቼ መልሱ አልገጥም አለኝ።

ብልጭ_ድርግም፦
አዎ ነው፣ ሩቱ ከስኩዌሩ ጋር ይሰረዛል።

ፔዳ_ሰፈር፦
አይደለም! ልጅቷን አታሳስታት። ኤክስን 4 አድርገው። 16+9 25 ነው፣ ሩቱ 5። ኤክስ+3 ግን 7። ሩት በመደመር ላይ አይከፋፈልም፣ በማባዛት ላይ ነው የሚከፋፈለው። የዚህ ዘመድ የሆነ ሌላ ደግሞ አለ፦ (ኤክስ+6)/6 ላይ 6ቱን ሰርዞ ኤክስ ብሎ መጻፍ። ኤክስን 6 አድርጊ፣ 12/6 2 ነው፣ 6 አይደለም። የሚሰረዘው ተባዢ ነው፣ ተደማሪ አይሰረዝም። እኔ ፍሬሽማን ስገባ ማቲማቲክስ ፎር ናቹራል ሳይንስ የሚጀምረው በሎጂክና በስብስብ ስለሆነ ሁሉም ቀለለው። ቀጥሎ የቁጥር ሥርዓት፣ ፈንክሽንና አናሊቲክ ጂኦሜትሪ ሲመጣ ብዙ ልጅ የወደቀው እነዚህ ሁለት ነገሮች ላይ ነው።

ጥቁር_ውሃ፦
ካን አካዳሚ ላይ የአልጀብራ መሠረት የሚለውን እዪ፣ በነጻ ነው። ቪዲዮዎቹን አፑ ላይ ማውረድ ይቻላል፣ ዋይፋይ ስታገኚ አውርደሽ ማታ ያለ ዳታ ታዪዋለሽ።

ዘጌ_ቡና፦
እስከ ሰኞ ቪዲዮ ስታይ ልታድር ነው? ወረቀትና እስክሪብቶ ይሻላል።

ሽምብጥ_ልጅ፦
እኔም እዚያ ላይ ነኝ። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያለውን ሁሉ እስከ ሰኞ አትጨርሺውም፣ አትሞክሪውም። ዛሬ ማታ ቁጥር ብቻ ያለበት ክፍልፋይ ደምሪ ቀንሺ፣ ትንሹን የጋራ ብዜት እየፈለግሽ። ነገ ያንኑ በኤክስ ሥሪ፣ ከመቀነስ ምልክት በኋላ ቅንፍ ሳትጥዪ። 11ኛ ክፍል መጽሐፍ ላይ ራሽናል ኤክስፕሬሽን የሚለው ምዕራፍ በቂ መልመጃ አለው። እሁድ ፋክተር ማድረግ፦ ኤክስ² − 9 ሲመጣ (ኤክስ−3)(ኤክስ+3) ሳታስቢ እጅሽ መጻፍ አለበት፣ ሊሚት ላይ 0/0 ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያወጣሽ እሱ ነው። የቀረው ከፈተናው በኋላ ይደረስበታል።

መሞከሪያ ሁለት ልስጥሽ፦
[1/(ኤክስ+3) − 1/3] ÷ ኤክስ፣ ኤክስ ወደ 0 ሲጠጋ
(√ኤክስ − 2) ÷ (ኤክስ − 4)፣ ኤክስ ወደ 4 ሲጠጋ
የመጀመሪያው −1/9፣ ሁለተኛው 1/4 ነው። ለሁለተኛው ፍንጭ፦ ኤክስ − 4 (√ኤክስ − 2)(√ኤክስ + 2) ነው።

ዘንዘልማ_01፦
እኔም ሪሚዲያል ነኝ፣ ሞከርኩት። ሁለተኛው መጣልኝ። የመጀመሪያው ግን 1/9 ሆነብኝ፣ ነጌቲቩ የት ጠፋ?

ሽምብጥ_ልጅ፦
ላዕሉን ጻፈው።

ዘንዘልማ_01፦
(ኤክስ+3) − 3

ሽምብጥ_ልጅ፦
ገልብጠኸዋል። 1/(ኤክስ+3) ላይና ታቹ በ3 ሲባዛ 3 ነው የሚያመጣው፣ እሱ ይቀድማል። ከዚያ የ1/3 ተራ፣ በ(ኤክስ+3) ይባዛል። ስለዚህ 3 − (ኤክስ+3)። እንደገና ሥራውና ኤክስን 1 አድርገህ ፈትሸው፤ መነሻው 1/4 − 1/3 ስለሆነ −1/12 መምጣት አለበት።