ተፈትቶ የቆመ ቮልስ፦ ጨርሼ ልሽጠው ወይስ እንዳለ?

ቮልስ ዘ አዳማ፦ ሰላም ወገን። እ.ኤ.አ. የ1966 ቮልስ ነው። ወለሉ ተበይዷል፣ ፊቱ ዝቅ ብሏል፣ ፓራፋንጎዎቹ ወልቀዋል። የራሱ 1300 ሞተር ወርዶ ባለ ሁለት ካርቡራቶር 1600 ሊገባለት ነበር። ሊብሬው በእጄ ነው። ቀለም ልቀባው? ደላላው ደግሞ «ፈታተህ በዕቃ ሽጠው» ይላል።

ባለ ብየዳ፦ ቀለሙን ተወው። ገዢ አዲስ ቀለም ሲያይ «ከሥሩ ስንት ኪሎ ስቱኮ (መሙያ) አለ?» ብሎ ማግኔት ያወጣል። ብየዳውን ፀረ ዝገት ብቻ ቀብተህ ክፍት አሳየው። ቮልስን ዝገት በተለይ የሚበላው በሁለት ቦታ ነው፦ ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ፣ ባትሪው የሚቀመጥበት ወለል፣ እና በበሩ ሥር ያለው የማሞቂያ ቦይ። ቦይው ከበሰበሰ ቦዲው ይረግብና በሩ አልገጥም ይላል። የሁለቱን ፎቶ ከሥር አንሳ።

ካምቢዮ፦ የ66 መኪና 6 ቮልት ነው፤ ቮላኖው (ከሞተሩ ጀርባ ያለው ባለ ጥርስ ጎማ) 109 ጥርስ አለው። የኋለኛው 1600 ቮላኖ 130 ጥርስ ስለሆነና ስለሚሰፋ የካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) ቤት ከውስጥ ይነካል። ቤቱ መሞረድ አለበት፤ ሞተሪኖውና (ሞተር ማስነሻውና) ቡሹም ይቀየራሉ። ይህን ለገዢው ካልነገርከው ተመልሶ ይጨቀጭቅሃል። እኔ ብሆን 1300ውን መልሼ አስነሳዋለሁ፣ 1600ውን ለብቻው እሸጣለሁ። የሚነሳ ሞተርና የማይነሳ ሞተር ዋጋቸው አይቀራረብም። ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሮቹን ግፊት) ለክተህ የአራቱንም ጻፍ። 3ኛው ሲሊንደር ዝቅ ካለ ቫልቩን ጠርጥር፤ የዘይት ማቀዝቀዣው አየሩን ስለሚከልልበት እሱ ነው ቀድሞ የሚቃጠለው።

ቮልስ ዘ አዳማ፦ የ1300ው አንዱ ቴስታታ (የሲሊንደሮቹ ክዳን) በካንዴላው ቀዳዳና በቫልቩ መሐል ተሰንጥቋል።

ካምቢዮ፦ እንግዲያው ሳትገጥመው «ቴስታታ ይፈልጋል» ብለህ ሽጥ። ሶማሌ ተራ (የአዲስ አበባው የመለዋወጫ ሰፈር) ፈልገህ ዋጋውን ጠይቅና ከምትጠራው ላይ ቀንስ።

ሊብሬ ይቅደም፦ ከሁሉ በፊት ቁጥሮቹን አመሳክር። ሻንሲው ከኋላ ወንበር ሥር መሐል ቶንሉ ላይ፣ ሞተሩ ዲናሞው ከቆመበት እግር ሥር ተመትቷል። በጋዝ ጠርገህ አንብብ፤ በሽቦ ብሩሽና በሞላ (በመፋቂያ ማሽን) አትንካው፣ የተፋቀ ቁጥር ያስጠረጥራል። ሊብሬው ላይ ያለው የ1300ው ቁጥር ከሆነ ያ ብሎክ ከመኪናው አይለይ፤ በዕቃ መሸጡንም እርሳው። ቴስታታውና ካምቢዮው ቶሎ ይሄዳሉ፣ ባዶ ቦዲ ግን ግቢህ ውስጥ ይቀራል። «በውክልና እንጨርስ» የሚል ገዢ ቢመጣ እምቢ በል፤ ስም ሳይዛወር መንገድ ላይ አደጋ ቢያደርስ የሚጠሩት አንተን ነው። ውሉ ላይ «ያልተጠናቀቀ፣ የማይንቀሳቀስ» ተብሎ ይጻፍ፣ የጎደለው ዕቃም አንድ በአንድ ይዘርዘር፤ መስታወትና የበር ጎሚኒ ሳይቀር።