ሌሊት ጥርሴን አፋጫለሁ፣ ጅማ ላይ ምን ላድርግ?

የአዌቱ ልጅ፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴ "ሌሊት ጥርስህን ታፋጫለህ" ስትለኝ ለወራት አላመንኳትም። ባለፈው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ በስልኳ ቀድታ ጠዋት አቦሉ ላይ አሰማችኝ። ወፍጮ ቤት በሉት! ትንሽ ዝም ይልና እንደገና ቅርጭጭ። ልጄ ከት ብላ ሳቀች።

ስነሳ መንጋጋዬ ሌሊቱን ሙሉ ሲያኝክ ያደረ ይመስል ዝሎ ነው የማገኘው፣ ግራና ቀኝ ጆሮ ግንዴን ያመኛል፣ ሳዛጋ ከጆሮዬ ስር ቀጭ ይላል። ቀዝቃዛ ውሃ ይነዝረኛል። ሐሙስ ቆሎ ስበላ ጠጠር የነከስኩ መስሎኝ መዳፌ ላይ ብተፋው የራሴ ጥርስ ስባሪ ነው። አንድ ክሊኒክ ሄጄ ምንም ሳይጠይቁኝ "ይነቀል" አሉኝ፣ ትቻቸው ወጣሁ።

ሥራዬ የቡና መጋዘን ሒሳብ ነው፣ ወቅቱ ሲደርስ ጭንቅ ነው። ቡና በቀን 6 ሲኒ እጠጣለሁ። ቅዳሜና እሁድ እቅማለሁ፣ አልደብቅም። እናቴ ደግሞ የሆድ ትል ነው ብላ መድኃኒት ግዛ እያለችኝ ነው። እውነት ትል ነው?

ቶና፦
ወንድሜ፣ የትሉን መድኃኒት እኔም ውጬ ነበር 😂 ማፋጨቴ እንዳለ ነው። እኔን የረዳኝ ናይት ጋርድ ነው። የጥርስህን ልክ ይወስዱና የላይኛው ጥርስህ ላይ የሚገጠም ፕላስቲክ ይሠሩልሃል፣ ስትተኛ ታደርገዋለህ። የመጀመሪያው ሳምንት ምራቄ እየተዝረከረከ ትራሴ ይረጥብ ነበር፣ ሁለት ቀን አውጥቼ ወርውሬዋለሁ። አሁን ያለሱ አልተኛም። በዓመቱ ፕላስቲኩ ላይ ጉድጓድ ሠርቻለሁ፣ ያ ሁሉ ጥርሴ ላይ ይሆን ነበር።

መንጋጋ፦
የጥርስ ሕክምና ላይ ነው የምሠራው። የትሉን ነገር እናቶች ሁሉ ይሉታል፣ በተለይ ልጅ ሲያፋጭ፣ ግን ትል ስላለ ነው የሚያሰኝ ጠንካራ ማስረጃ የለም። አብዛኞቹ ልጆች ደግሞ እያደጉ ሲሄዱ በራሱ ይተዋቸዋል።

ቶና ያለው ልክ ነው፣ አንድ ነገር ግን ልጨምር፦ ናይት ጋርድ ጥርሱን ያድናል እንጂ ማፋጨቱን አያቆምም። ያለቀ የጥርስ ሽፋን ተመልሶ አይበቅልም፣ ስለዚህ ጥርስህ ሳያልቅ አሠራው። የተሰበረውን ቶሎ አሳይ፣ ስንጥቁ ሥሩ ድረስ ካልወረደ ብዙ ጊዜ ይሞላል ወይም ይሸፈናል። ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የጥርስ ክፍል አለ፣ እዚያ ሂድ።

ጫት ያነቃቃል፣ የሚያነቃቃ ነገር ደግሞ ማፋጨትን ሊያብስ ይችላል፤ መንጋጋህ ደግሞ ከሰዓት ሙሉ ሲቅም ውሎ ሌሊት ሌላ ሥራ ይጀምራል ማለት ነው። ቡናው፣ ሲጋራው፣ መጠጡም እንደዛው። ለጭንቀት የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶችም ያመጡታል፣ የምትወስደው ካለ በራስህ አታቁም፣ ያዘዘልህን ሐኪም ጠይቅ። ባለቤትህን ደግሞ ታንኮራፋለህ ወይ፣ ትንፋሽህስ ይቆማል ወይ በላት፣ አዎ ካለች እሱም መታየት አለበት።

ቦቶክስ የሚባለው መርፌ የመንጋጋውን ጡንቻ ያላላል፣ ግን ጥቂት ወር ቆይቶ ስለሚለቅ ይደጋገማል። ከሱ አትጀምር።

ባለ ባጃጅ፦
እኔ እንኳ ሌሊት አይደለም፣ ቀን ነው የምነክሰው። መንገድ ሲዘጋ ጥርሴን ግጥም አድርጌ እንደምይዝ አላውቅም ነበር፣ ማታ ማታ ራሴን ሲወቅረኝ የፀሐይ ይመስለኝ ነበር። ያየችኝ ሐኪም "ከንፈርህ ይገጠም፣ ጥርስህ አይነካካ፣ ምላስህን የላይኛው ጥርስህ ጀርባ ላይ አሳርፈው" አለችኝ። አሁን አጂፕ ጋ በቆምኩ ቁጥር መንጋጋዬን አላላለሁ፣ ማታ ደግሞ ፎጣ በሙቅ ውሃ ነክሬ ጉንጬ ላይ። ማስቲካም ተውኩ። ወር ሳይሞላ ቀለለኝ።

ሐረጓ፦
አቦ ጫቱን ተውና ገላግለን፣ ሚስትህ ትተኛ።

የአዌቱ ልጅ፦
አመሰግናለሁ ሁላችሁም። ሐረጓ፣ ሚስቴ ናት እንዴ የላከችሽ? ዛሬ የጥርሴን ልክ ወሰዱ፣ የተሰበረውም ይሞላል ብለውኛል። ሳንኮራፋ ትንፋሼ ይቆማል ወይ ብዬ ባለቤቴን ብጠይቃት "ማፋጨቱ መች ፋታ ሰጥቶኝ" አለች። ቡናውን 3 አድርሻለሁ፣ ከሰዓት አልነካም። የቅዳሜውን ገና እየተደራደርን ነው።